ሳቢር፣ ስክሪኑና የአራጋው አደራ

ሳቢር ሪያድ፣ ጉበይራ ሰፈር ውስጥ ሞባይል ጠጋኝ ነበር። እዚያው ተወልዶ ስላደገ ዐረብኛው ከአማርኛው ይቀድማል፤ ወሎን የሚያውቃት ከእናቱ ከፈቲያ አፍ ብቻ ነው። እኔ ፊት ለፊቱ ሸቀጥ ስለምሸጥ ቀኑን ሙሉ አየዋለሁ። ለሰላት በር ሲዘጋና ሌላው ጥግ ይዞ ሲያንጎላጅ እሱ ላፕቶፑን ይከፍታል።

የሚሠራው ማንም የማይከፍልበትን ሥራ ነው። ኮምፒውተር ሥዕሉን ወደ ስክሪን የሚያደርስበት ድራይቨር የሚባል ፕሮግራም አለ። ሳቢር የሚሠራበት ድራይቨር ኮድ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ የቻለ ሁሉ አውርዶ ያሻሽለዋል። የተጻፈው ግን ለድሮ ፕሮሰሰር ነው። አዲሱ ፕሮሰሰር የሚጠቀምበት የሜሞሪ አድራሻ እጥፍ ይረዝማል፤ ድራይቨሩ ደግሞ በለመደው ልክ ቆርጦ ይይዘዋል። ግማሽ ስልክ ቁጥር ደውሎ ሰው እንደመጠበቅ ነው። ሳቢር ይህን ሊያስተካክል ነው የሚደክመው።

በ2015 ነገሩ ከጨዋታ አለፈ። ዕድሜው ከፍ ስላለ በአባቱ ኢቃማ፣ በመኖሪያ ፈቃዱ፣ ሥር መኖሩ ሊያበቃ ነበር። የራሱ ካፊል፣ ኃላፊነት የሚወስድለት አሠሪ፣ ካላገኘ አይቷት ወደማያውቃት አገር መሄዱ ነው። ራውዳ የሚባል ሰፈር ውስጥ የማስታወቂያ ስክሪን የሚተክል ድርጅት ነበር፤ እዚያ የሚሠራ መሐሙድ የሚባል ሱዳናዊ ኢንጂነር ሳቢርን ያውቀዋል። «አዲሱ ፕሮሰሰር ያለባቸው ቦርዶች ከዱባይ ሲመጡ በድራይቨርህ ስክሪኑን አብራልኝ። ከበራ ሙዲሩ፣ ሥራ አስኪያጃችን፣ ኢቃማህን ወደ እኛ ያዞርልሃል» አለው።

ቦርዱ እስኪመጣ ሳቢር አዲሱን ፕሮሰሰር በሚያስመስል ፕሮግራም ላፕቶፑ ላይ ሞከረ። ሠራ። እሱ ግን አላመነውም፤ በማስመሰያው ያለው ሜሞሪ ጥቂት ስለሆነ ረጅም አድራሻ ጭራሽ አይመጣም። እውነተኛ ቦርድ ያስፈልገው ነበር። እውነተኛው ቦርድ ደግሞ አልጋው ሥር ነው።

የተወው አራጋው የሚባል የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ነው። ካፊሉ ኢቃማውን አላድስም ብሎ በኹሩጅ፣ በመጨረሻ መውጫ ቪዛ ሲያሰናብተው፣ በፕላስተር የታሸገ ሳጥን ይዞ መጣና «አዲሱ ቦርድ ነው፤ አደራ ያዝልኝ» ብሎት ሄደ። ያገራችን ሰው በጅምላ ከተባረረበት ከመንፉሐው ግርግር ወዲህ ሰው የሚሄደው ድንገት ስለሆነ፣ በእኛ ሰፈር የአልጋ ሥር ሁሉ የሰው ሻንጣና የሰው ወርቅ ነው። አደራ አይነካም። እዚህ አደራ በላ ከመባል ሌባ መባል ይሻላል።

«ክፈተውና ሞክረህ መልሰህ አሽገው፤ ማን ያያል?» አልኩት።

«አላህ ያያል» አለኝ። እንዲህ ሲል ያናድደኛል።

ደውሎ እንዳያስፈቅድ የአራጋው የሳውዲ ቁጥር ተዘግቷል፤ አገሩ ኮምቦልቻ ገብቶ የያዘውን ቁጥር የሚያውቅ አልተገኘም። ፈቲያም «ልጄ፣ አደራ እኮ ነው» አለች። እኔ ብሆን ከፍቼው ነበር፤ አልዋሽም።

ቦርዱ መጣና አብሬው ራውዳ ሄድኩ። መሐሙድ ሰካው። የድርጅቱ አርማ ስክሪኑ ላይ ብቅ ሲል ሳቢር እጄን ጨበጠኝ። ወዲያው ስክሪኑ ጠቆረ። ቢነካካ፣ ቢያጠፋ፣ ቢያበራ እምቢ አለ። ሙዲሩ ሰዓቱን አየና «ኸላስ፣ በቃ» አለ። መሐሙድ አዘነለት፤ ማዘን ግን ካፊል አይሆንም።

አራጋው የደወለው ከዚያ በኋላ ነው። ሳቢር ስልኩን ጮክ አድርጎት ስለነበር ሰማሁ።

«ሳቢርዬ፣ ድራይቨሩ እንዴት ሆነ? ቦርዱ ጠቀመህ?»

«እንዴት ይጠቅመኛል ጋሼ አራጋው? አደራ ብለውኝ የለ?»

«ልጄ፣ ላንተ እኮ ነው የተውኩት። ስጦታ ነው ብልህ፣ ‹እሱ ራሱ ባዶ እጁን አገሩ እየገባ› ብለህ መቼ ትቀበለኛለህ? አደራ ካልኩህ ቤትህ ይገባል፣ ከገባ ትሠራበታለህ ብዬ ነው።»

ሳቢር ከፋው፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እኔ በሁለቱም ተናደድኩ። ሁለት ጨዋ ሰዎች በይሉኝታ አንድ ኑሮ አበላሹ።

ሳጥኑን ከፈተ። በማግሥቱ በዙህርና በዐስር ሰላት መካከል ስህተቱን አገኘው፤ አንድ ቦታ ላይ አድራሻው አሁንም ይቆረጥ ነበር። አንድ መስመር ለውጦ ላከው፤ የድራይቨሩን ኮድ የሚቆጣጠሩት ሰዎችም ጥቂት ጠያይቀው ተቀበሉት። ራውዳ ሲደውል ግን በእሱ ቦታ ሌላ ሰው ተቀጥሯል። በ2016 መጀመሪያ ኹሩጁን ይዞ ሄደ። ፈቲያ ኤርፖርት አልሸኘችውም፤ አልችልም አለች።

ከወራት በኋላ ዕቃ ላደርስ ራውዳ ስሄድ የድርጅቱን አዲስ ስክሪን በር ላይ አየሁት። ጥርት ብሎ ይበራል። መሐሙድ ወጥቶ ሰላም አለኝ።

«የልጁን ድራይቨር አውርደን ጫንነው። ነጻ ነው፣ ደግሞ ምን የመሰለ ሥራ ነው! እስቲ ጥራልኝ፣ ሙዲሩም አሁን ይፈልገዋል።»

«አገሩ ገብቷል» አልኩት።

ካልኩት በኋላ አፈርኩ። ሳቢር የተወለደበት ሆስፒታል ከቆምንበት ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ነው።