መጨረሻው ባሕር ነው

ወንዜን ገደሉብኝ። ነገሩ ይኸው ነው፤ ማለሳለስ አያስፈልገውም። ከማሳዬ በላይ ወርቅ የሚያወጣ ድርጅት የማዕድን ጭቃውን ቡናዬን በማጥብበት፣ ቤተሰቤና ከብቶቼ በሚጠጡት ወንዝ ላይ ለቀቀው።

ይህ የሆነው ከሚዛን ወደ ቆላው በሚወርደው መንገድ፣ እኛ ቀበሌ ነው። ሥራው ሲጀመር ስብሰባ ተጠርተን ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ኢንጂነር የፀሐይ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ብዙ ነገር አስረዳን። አብዛኛው አልገባንም፤ እሱም እንዲገባን የቸኮለ አይመስልም ነበር። አንዲት ጎረቤቴ ጭቃው የት እንደሚደፋ ስትጠይቀው ግን፣ "ሐሳብ አይግባችሁ፣ መጨረሻው ባሕር ነው" አለ። ይህ ገባን። አጨበጨብን። ለማጽደቅ እጅ አውጡ ስንባል፣ ከመካከላችን ሁለቱንም እጁን ያወጣ ነበር።

እኛ ሰፈር ባሕር ዛፍን አሳጥረን "ባሕር" ነው የምንለው። ባሕር ቆረጥኩ፣ ባሕር ሸጥኩ እንላለን። ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጀርባ አንድ ጫካ ሙሉ ባሕር አለ፤ ከሥሩ ሣር እንኳ አይበቅልም። ጭቃውን እዚያ የሚደፋ ሰው አስተዋይ ነው አልን። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ካፈራሁ በኋላ ነው፤ ስለ ሌላው ባሕር አንብቤያለሁ። ግን ሰው ስለ ቆሻሻው ሲጠየቅ ግብፅን ተሻግሮ ይመልሳል ብዬ እንዴት ልጠርጥር?

ክረምቱ ሲገባ ወንዙ እንደ ገንፎ ወፈረ። ዓሣው ሆዱን ገልብጦ ተንሳፈፈ። ላሞቹ አሽትተው ተመለሱ። ባለቤቴ ውኃ ፍለጋ ዳገቱን ትወጣ ጀመር። ያጠብኩትን ቡና ነጋዴው አሽትቶ ፊቱን አዞረ። ነጋዴና ላም በአንድ ነገር ሲስማሙ ያኔ አየሁ።

ኢንጂነሩ ዘንድ ሄድኩ።

"ፋዘር፣ ነግረናችኋል እኮ። ወደ ባሕር እየሄደ ነው።"

"ከባሕሩ ነው የመጣሁት። ጠብታ አልደረሰውም።"

አፍጥጦ አየኝ። ስለ ዛፉ ስነግረው እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ በእንጨት መሬት ላይ ወንዛችንን ሥሎ፣ በሱዳንና በግብፅ አዙሮ የጫማው ጫፍ ላይ አደረሰው። ባሕሩ ጫማው ነበር። እዚያስ ዓሣ አጥማጅ የለም ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ ከፕሮጀክቱ ክልል ውጭ ነው አለኝ።

"ያ ባሕር ሰፊ ነው ፋዘር፣ ይችለዋል።"

"የኔም ሆድ ሰፊ ነው፤ ጭቃ ግን አይበላም።"

በማግስቱ ያቺ ጎረቤቴ የሰፈሩን ሴቶች አስከትላ የድርጅቱ መኪኖች የሚያልፉበት መንገድ ላይ ተቀመጠች። ሹማምንቱ መጥተው የቃል አለመግባባት ነው እያሉ ለመኗት። የአፍ መፍቻዋ ቤንችኛ ነው፤ አማርኛ ሲያስፈልጋት ቆጥባ ነው የምትናገረው።

"እጅ ያወጣነው ለባሕር ነው። ባሕር ያው ቆሟል። ውሰዱለት" አለች፤ አልተነሳችምም።

ለኛ ጉሮሮ ሲባል አካፋ የሚያነሳ አልነበረም። የቆመ መኪና ግን አዲስ አበባ ድረስ ያማል። ከጫካው መሃል ጉድጓድ ተቆፍሮ በወፍራም ፕላስቲክ ተለበጠ። የቀበሌው ሊቀመንበር ዛፎቹ ሲቆረጡ ዘመድ እንደሞተበት ቆሞ ተመለከተ። ኢንጂነሩ ጊዜያዊ መፍትሔ ነው አለን፤ እዚህ አገር ጊዜያዊ የተባለ ነገር ዕድሜው ረጅም ስለሆነ ደስ አለን።

ዓሣው አልተመለሰም። ጭቃው ከወንዜ ተነሥቶ ጉድጓዱ ውስጥ መግባት የጀመረው ኅዳር 12 ቀን፣ ሰው ሁሉ ቆሻሻውን በሚያቃጥልበት በኅዳር ሲታጠን ዕለት ነው።