በጨረታ የተሸጠች እልልታ

ጎረቤላ ላይ ንጋቷ ያልተጠራችበት ሠርግ፣ ሠርግ አይባልም። ሙሽራው ቢዘገይ ይጠበቃል፣ ወጡ ቢያር በጠላ ይታለፋል፤ ንጋቷ ከቀረች ግን ምኑን ሠርግ ሆነ? ገብስ ቆልታ በሶ ፈጭታ የምታድር፣ አጠር ብላ ደረቷ የሰፋ ሴት ናት። እልልታዋን ስትለቃት ከአንኮበር አፋፍ ተነሥታ ቁልቁል አልዩ አምባ ገበያ ትደርሳለች ይላሉ። ይህ እንኳ ትንሽ ተጋኗል። አህዮች ጆሯቸውን ማቆማቸው ግን እውነት ነው።

ታዲያ ለሰው ሁሉ እልል የምትለው ሴት ለራሷ እልል ካለች ዓመታት አልፈዋል። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። በደብረ ሲና መንገድ ሲመላለስ ኖሮ አንድ ክረምት ከሳ፣ ጠወለገ፣ ሞተ። ምን እንደ ገደለው የጠየቀ የለም፤ የተናገረም የለም። ንጋቷ ግን ጠርጥራለች። ጥርጣሬዋን ይዛ ተቀመጠች እንጂ አልተመረመረችም፤ የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ?

የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ባና፣ የሚሠራው ጌጡ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ላከባት። በመጀመሪያው ብርዱን ለምጄዋለሁና ባና ሠሪ አያስፈልገኝም አለች። በሁለተኛው ደግሞ ጌጡ በሶዬን በነፃ ሊበላ ፈልጎ ነው ብላ ሽማግሌዎቹን እያሳቀች ሸኘቻቸው። በሩን ዘግታ ያለቀሰችውን ማንም አላየም። ትወደው ነበር። ጌጡን እኔው ራሴ ባጠፋውስ የሚለው ሐሳብ ነበር እንቢ የሚያሰኛት።

በዚህ መካከል የትምህርት ቤቱ የፀረ ኤድስ ክበብ ተነሣ። መምህር ኃይለኢየሱስ፣ የክበቡ ኃላፊ፣ ጤና ጣቢያ ስገባ ሰው ያየኛል እያለ የሚሸሸው ሰው ብዛት አሳስቦት ኖሯል። ስለዚህ የምክርና የምርመራ ባለሙያዎች ከደብረ ብርሃን መጥተው በትምህርት ቤቱ ግቢ ድንኳን ይጣል፣ ሁሉም አብሮ ይመርመር አለ። ለድንኳኑ፣ ለመኪናው፣ ለሻዩ ወጪ ተማሪዎቹ ጨረታ አዘጋጁ።

ምን ዓይነት ጨረታ መሰላችሁ! አንድ አውራ ዶሮ ደጋግሞ ተሸጠ። የገዛው ሁሉ ለክበቡ ይሁን እያለ ሲመልሰው ዶሮው ራሱ የማን እንደሆነ ግራ ገባው። ድፎ ዳቦው ተሸጠ፤ ተማሪዎች የሳሉት የርእሰ መምህሩ ሥዕልም ተሸጠ፤ የገዙት ርእሰ መምህሩ ናቸው፣ ሰው እንዳያየው። የሚሸጥ ሲያልቅ መምህር ኃይለኢየሱስ በሞቀበት አንደበቱ፣ "አንዲት የንጋቷ እልልታ! ገዢው በፈለገው ቀን፣ በፈለገው ቦታ!" ብሎ ጮኸ።

ሥጋ ቆራጩ ባየው ለሉካንዳው ምረቃ ፈልጓት ዋጋ ጠራ። ሌላው ጨመረ። ባየው ጨመረ። በመጨረሻ ጌጡ ከኋላ ተነሥቶ አዲስ ባናውን ከነማሰሪያው ጠረጴዛው ላይ ዘረጋውና ጨረታው ለእሱ ጸና። እልልታዋን አሁኑኑ ይጠይቃል ብለው ሲጠብቁት፣ ትቀመጥልኝ ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ። ንጋቷ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

የምርመራው ቅዳሜ ደረሰ። ንጋቷ ማንም ሳይሾማት ከድንኳኑ መውጫ ቆመች። መጀመሪያ አንዲት አሮጊት ፊታቸው በርቶ ሲወጡ እልል አለች። ሁለተኛው ወጣ፤ እልል! ሕዝቡ በደስታ ሰከረ። ሴቶች አጥሚት ይዘው መጡ። አንዷማ ደንግጣ ይሁን ተደስታ፣ ተመርምረው የወጡትን ሽማግሌ "እንኳን ማርያም ማረችዎ" ብላ ስትቀበላቸው ወረፋው በሳቅ ፈረሰ።

ከዚያ ባየው ወጣ። ይህ ከጧት እስከ ማታ በግ ሲያርድ የሚውል ሰው የገዛ ደሙን ጠብታ አይቶ ጉልበቱ ከድቶታል። ፊቱ አመድ መስሎ፣ በሁለት ሰው ተደግፎ ብቅ ሲል የንጋቷ እልልታ ጉሮሮዋ ላይ ቀረች። ሁሉም ባየውን አየ፤ ሁሉም ያው አንድ ነገር አሰበ። ደሜን አይቼ ነው ቢል ማን ይስማው? ወረፋ ከያዙት አንዱ ከብቶቼን ልይ አለ፣ ሌላዋ ድስት ጥጄ ነው የመጣሁት አለች፤ ሰልፉ መሳሳት ጀመረ።

አማካሪዋ ሲስተር ማኅደረማርያም ወጥታ ንጋቷን ወደ ድንኳኑ ጀርባ ሳበቻት።

"እልልታሽ ደግ ነው" አለቻት። "ግን ለአንዱ እልል ብለሽ ለሌላው ዝም ስትዪ፣ ዝምታሽ የሰው ምስጢር ያወጣል።"

ንጋቷ አፈረች፤ በጣም አፈረች። ማፈር ግን ብዙ አያቆያትም። ነጠላዋን አደግድጋ ተመለሰችና መግቢያው ላይ ቆመች። ከእንግዲህ እልልታ ለሚገባ ነው፣ ለሚወጣ እልል ያለ ከእኔ ጋር ተጣላ፣ የሚወጣም ሁሉ ፊቱን እንደ ዳኛ ይያዝ ብላ አወጀች። ሕዝቡ ወደደው። እየተጋፋ በእልልታ ይገባል፤ ኮስተር ብሎ ይወጣል። ከብቶቹን ሊያይ የሄደውም ከብቶቹን ትቶ መጣ። ጌጡም ገባ፣ እንደ ዳኛ ሆኖ ወጣ።

ወረፋው ሲያልቅ ሲስተር ማኅደረማርያም አንገቷን ብቅ አድርጋ፣ "አንቺስ?" አለች።

የንጋቷ እግር አልንቀሳቀስ አለ። ሰው ሁሉ ያያታል፣ እልል የሚልላት ግን የለም፤ እልል የምትለው ራሷ ናታ። ያኔ ጌጡ፣ ጺማሙ ጌጡ፣ እጁን አፉ ላይ አድርጎ እልል አለ። ወንድ እልል ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? የተጎዳ ፍየል ይመስል ነበር። ግቢው ሆዱን ይዞ ሳቀ፣ ንጋቷም እየሳቀች ገባች።

ሲስተር ማኅደረማርያም ረጋ ብላ መከረቻት። ቢገኝብሽም መድኃኒት አለ፣ ትሠሪያለሽ፣ ታገቢያለሽ፣ ዕድሜሽን ትኖሪያለሽ አለቻት። ከዚያ ጣቷን ወጋቻት፤ ጠበቁ። ቫይረሱ አልተገኘባትም። ንጋቷ ድገሚልኝ አለች። ተነገራት። መጀመሪያ አለቀሰች፤ ቀጥሎ በከንቱ በፈራቻቸው ዓመታት ተናደደች፤ ከዚያ ከሆዷ ተነሥታ በሕይወቷ ትልቋ እልልታ ጉሮሮዋ ደረሰች።

አዋጁ ትዝ አላት። በዚያ ድንኳን ገብተው ሌላ ነገር ሰምተው የወጡ ሊኖሩ ይችላሉ፤ እነርሱም ዳኛ መስለው ነው የወጡት። እልልታዋን ዋጠቻት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወጣች፤ በጣም ስለኮሰተረች አንዷ ጎረቤቷ እጇን ጨብጣ አይዞሽ አለቻት። ጌጡን ሳታየው አለፈች። ብታየው እልልታዋን ታፈነዳት ነበር።

በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ ሽማግሌዎቹ ለሦስተኛ ጊዜ በሯ ላይ ቆሙ። ስለ ምርመራው አንዲት ቃል እንዳትጠይቁ ብሎ ልኮናል አሏት። ንጋቷ ራሱ ይምጣ አለች። ጌጡ ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ መጣና ሽማግሌዎቹ ውጭ ቀሩ።

"ትናንት ስወጣ ፊቴን አይተህ ምን አልክ?"

"አለባት አልኩ።"

"እና?"

"እናማ መድኃኒቷን ስትውጥ ውኃ የሚያቀብላት ሰው ያስፈልጋል አልኩ።"

ንጋቷ ተቀመጠች። ከዚያ በጆሮው ነገረችው፤ ጌጡም የራሱን ነገራት። ሁለቱም ከቫይረሱ ነፃ ነበሩ። ጌጡ ባርኔጣውን ደፋና ያቺን የገዛኋትን እልልታ አምጫት አላት።

በሩን ከፍታ ወደ አፋፉ ወጣች። ሽማግሌዎቹም ሠፈሩም ለጋብቻው መሰላቸው፤ ይምሰላቸው። ጌጡ በአንድ ባና የገዛው አንዲት እልልታ ነበር። ንጋቷ ግን አንዷን ጨርሳ ሌላ ጀመረች፣ ሌላም ጨመረች፣ ቁልቁል አልዩ አምባ ድረስ አህያ ሁሉ ጆሮውን አቁሞ ዋለ።