የሁሉም ቀጠሮ ማክሰኞ

በመሥሪያ ቤቷ «አሳማሪዋ» ይሏታል። ሶፍትዌሩን የሚጽፉት ሌሎች ናቸው፤ የእሷ ሥራ ከዚያ ይቀድማል። ደንበኛው የሚፈልገውን ሲናገር ታዳምጣለች፣ ከዚያ ገጾቹን ትስልና በስልክ ላይ የሚነካካ ናሙና አድርጋ ታመጣለታለች። ናሙናው ሲነኩት ገጽ ይከፍታል፣ ሌላ ቦታ ሲነኩት ሌላ ገጽ ይከፍታል። ከጀርባው ግን ባዶ ነው፤ ፊቱ ብቻ ተለስኖ ጓዳው እንዳልተሠራ ቤት። ጥቅሙም እዚያው ላይ ነው። ባለቤቱ ግድግዳው ሳይቆም አይቶ «በሩ በዚህ በኩል ይሁን፣ መስኮቱ ጠበበኝ» ይላል።

የአሳማሪዋ ናሙና ግን ከማማሩ የተነሳ ያለቀ ይመስል ነበር። ያየ ሰው መስኮት ጠበበኝ አይልም፤ «ወይ ጉድ!» ብሎ ያጨበጭባል። እሷም ጭብጨባው ደስ ይላት ነበር። ልጅ ሆና እናቷ ስዕሎቿን ለእንግዳ ስታሳይ በር ጥግ ቆማ የምትሰማው ዓይነት ደስታ ነው፤ ካደገችም በኋላ አልለቀቃትም።

በዚህ መሃል ነው የዓይን ሆስፒታሉ ሥራ የመጣው። ሕመምተኞች ቀጠሮ ለማስያዝ ከንጋት ጀምረው በር ላይ ይሰለፋሉ። ዳይሬክተሩ ይህ ሰልፍ አንገብግቧቸው ነበርና ሰው ከቤቱ ሳይወጣ በስልኩ ቀጠሮ እንዲይዝ ፈለጉ። አሳማሪዋ ግማሽ ቀን ካርድ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጣ ሥራውን አየች፣ ተመልሳም ናሙናውን ሠራች። መጨረሻው ላይ ለስላሳ አረንጓዴ ገጽ ነበረው፤ «ቀጠሮዎ ተይዟል፦ ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት» ይላል። ቀኑንም ሰዓቱንም ቦታው ባዶ እንዳይሆን ብላ የጻፈችው ነው።

ለማሳየት የገባች ቀን የምትጠይቃቸውን ጥያቄዎች ይዛ ነበር። ዓይኑ የደከመ ሰው ይህን እንዴት ያነበዋል? ስልክ የሌለውስ? ድንገተኛ ሲመጣ ማን ወደ ኋላ ይገፋል? ረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ዳይሬክተሩ፣ ሐኪሞቹና የነርሶች ኃላፊዋ ተቀምጠዋል፤ አለቃዋ ከጎኗ ነው። አረንጓዴው ገጽ ግድግዳው ላይ ሲበራ የነርሶች ኃላፊዋ «ውይ፣ ሲያምር!» አለች። ከዚያ ሁሉም ተቀባበሉት። ጥያቄዎቹ አፏ ውስጥ ቀለጡ።

«ስለዚህ አልቋል ማለት ነው?» አሉ ዳይሬክተሩ።

አለቃዋ ዞር ብሎ አያት። እሷም «ትንሽ ትንሽ ነገር ነው የቀረው» አለች።

ትንሽ የተባለው ነገር ሶፍትዌሩ በሙሉ ነበር።

ዳይሬክተሩ «ለባልደረቦቼ ላሳያቸው፣ ላኪልኝ» ብለው ሲጠይቋት የናሙናውን ሊንክ ላከችላቸው። አርብ ዕለት የዳይሬክተሩ ጸሐፊ ደወለች። «ማስታወቂያ በሩ ላይ ለጥፈናል፤ ሊንኩም በየስልኩ እየተላከ ነው። ሰዉ እንዴት እንደተደሰተ ብታዪ!» አለቻት።

አሳማሪዋ ክው አለች። እየሮጠች አለቃዋ ቢሮ ገባች።

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» አላት አለቃዋ፣ ከወንበሩም ሳይነሳ። «ሶፍትዌሩን የሚጽፉትን ልጆች አዋክቤ ቶሎ አሠራዋለሁ። እስከዚያ ሰው ቢነካካው ምን ይሆናል?»

ለዳይሬክተሩ ራሷ መደወል ትችል ነበር። ስልኩን አነሳች፤ ምን ብላ እንደምትጀምር ጠፋትና መልሳ አስቀመጠችው። ቅዳሜና እሁድ ያልቆሸሸ ልብስ ስታጥብ ዋለች።

ሰኞ ወደ ማታ አጎቷ ደወሉ። የእናቷ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው፣ የዓይን ሞራ መሪውን ካስጣላቸው ወዲህ ቤት ውለዋል።

«የኔ ልጅ፣ አንቺ በሠራሽው ነገር ቀጠሮ ያዝኩ እኮ! ሚስቴ አነበበችልኝ፣ እኔ ነካሁት። ነገ ነው።»

«ነገ... ስንት ሰዓት ጋሼ?»

«ሦስት ሰዓት። የሚገርምሽ ጎረቤታችንም ሦስት ሰዓት ደርሶታል። አብረን እንሄዳለን።»

ያኔ ነው የገባት። ናሙናው የሚያውቀው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ አንድ ሰዓት ብቻ። የነካው ሁሉ ያንኑ ገጽ አይቷል። «ጋሼ፣ አይሂዱ» ማለት ነበረባት። የሰማችው ግን የራሷን «እሺ፣ ይቅናዎት» ነው። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ለዳይሬክተሩ ደወለች፤ አያነሱም። ደጋግማ ደወለች፤ አያነሱም።

ማክሰኞ ጠዋት የሆስፒታሉ ግቢ ጢም ብሎ ጠበቃት። ዓይናቸው የታሸገ ሕፃናት፣ ከሩቅ በአውቶቡስ ሲጓዙ አድረው ግንብ ሥር የተቀመጡ እናቶች፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ስልካቸውን ከፍ አድርገው የሚያሳዩ ሽማግሌዎች። ሁሉም ስልክ አረንጓዴ ነው። የጥበቃው ሰው «እባካችሁ ተራ ያዙ!» ሲል አንዱ «የምን ተራ! ቀጠሮ እያለን?» ይለዋል። የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ በመስኮት ብቅ ብላ «እኛ ጋ የማንም ስም የለም!» እያለች ትጮኻለች።

አሳማሪዋ በግንቡ ጥግ ሽምቅቅ ብላ ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ ልታልፍ ስትል አጎቷ በአካሄዷ ለዩዋት።

«ይቺውላችሁ!» አሉ፣ በዚያ ከኋላ ወንበር ድረስ በሚሰማው የሾፌር ድምፃቸው። «ይህን የሠራችው የእህቴ ልጅ ናት! አሁን ታስተካክልልናለች።»

ሰው ሁሉ ዞረ። አንዲት ጨርቅ ዓይናቸው ላይ የያዙ እናት እጇን ፈልገው ያዙና «ተባረኪ ልጄ፣ ከእንግልት አወጣሽን» አሏት። ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ምድር ግን አልተከፈተችም።

«ቀጠሮ የለም» አለች። ድምጿ ስላልወጣ ደገመችው። «ቀጠሮ አልተያዘላችሁም። ስልካችሁ ላይ ያለው... ስዕል ነው። ለማሳያ የተሠራ ነው፤ ምንም አይመዘግብም። አላለቀም ማለት ሲገባኝ ዝም አልኩ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ከመሃል አንድ ሰው «እና ይኼን ሁሉ መንገድ ያስመጣኝ ስዕል ነው?» ብሎ ሳቀ። ሌሎችም ሳቁ፤ ሳቁ ከስድብ ይብስ ነበር። እጇን የያዙት እናት አልሳቁም። ቀስ ብለው ለቀቋት።

አጎቷ ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱ። «ትናንት ስደውልልሽ ታውቂ ነበር?» አሏት ዝቅ ብለው።

አንገቷን ደፋች።

«ለኔ እንኳ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አሉና ዞሩ። ልትደግፋቸው ክንዳቸውን ስትይዝ በቀስታ አስለቀቁና መንገዱን እንዲያሻግራቸው የማያውቁትን ሰው ጠየቁ።

የዚያን ቀን ነርሶቹ ግቢ ውስጥ ጠረጴዛ አውጥተው ከሩቅ የመጡትን በእጅ መዘገቡ፤ ሐኪሞቹም ምሳ ሳይበሉ አዩላቸው። ሌላው ወደየቤቱ ሄደ። አለቃዋ «የኔትዎርክ ችግር ነው እንበል» ብሎ ነበር፤ እሷ ግን ዳይሬክተሩ ፊት ቆማ ሁሉንም እንደሆነው ተናገረች።

«በሰው ፊት አዋረድሽኝ» አሏት። ቆይተው ደግሞ «እኔም አልቋል የሚለውን ለመስማት ቸኩዬ ነበር» አሉ። ይህ አላጽናናትም።

አጎቷን ይቅርታ ልትጠይቅ የሄደችው ሰንበት ብላ ነው። ሚስታቸው በሩን ከፍተው በዓይናቸው ወደ ሳሎን ጠቆሟት። አጎቷ ያለችውን ሁሉ እስክትጨርስ ሰሟት።

«መሳሳትሽን አልተቀየምኩም» አሉ። «እኔም ስንቴ መንገድ ስቻለሁ። መንገድ የሳተ ሾፌር ግን ለተሳፋሪው ይናገራል። ዝም ብሎ አይነዳም።»

ከዚያ ስለ እናቷ ጤና ጠየቋት። እንደ በፊቱ አልተጫወቱም።

ሥራው አልተወሰደባትም፤ ይህም ራሱ ከበዳት። የሚቀጥለውን ናሙና በወረቀት ላይ በእርሳስ ሠራችው፤ ሆን ብላ ሻካራ፣ በየገጹ ላይ «ይህ አይሠራም» የሚል ተጽፎበት። ሕመምተኞች፣ ነርሶችና የካርድ ክፍል ሠራተኞች ባሉበት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ማንም አላጨበጨበም። የነርሶች ኃላፊዋ እርሳሱን ተቀብላ አንዱን ገጽ ሙሉ ሰረዘችው፤ አንድ ዓይነ ስውር መምህር «ስልኩ ይናገር እንጂ፣ ለማየት ብችል እዚህ ምን አመጣኝ?» አሉና ሁሉንም አሳቁ። ወረቀቱ በስርዝ ድልዝ ተሞላ። እሷም ጆሮዋ እየጋለ ሁሉንም ጻፈች፤ እነዚህን ነገሮች ያኔውኑ መጠየቅ ትችል ነበር።

እውነተኛው አገልግሎት ከወራት በኋላ ያለ ድግስ ተከፈተ። ሠራ፤ ለእያንዳንዱም የየራሱን ቀን ሰጠ። በመጀመሪያው ቀን አሳማሪዋ ሻርፗን ግንባሯ ድረስ ስባ በር ላይ ቆመች፣ ለመጣው ሁሉ ስልኩን እየተቀበለች ስታሳይ ዋለች። ያቺ ማክሰኞ ግቢው ውስጥ የነበሩ ሰዎች በፊቷ አለፉ። አንዳቸውም አላወቋትም። እፎይ አለች፤ እፎይ በማለቷም አፈረች።