ሻንሲው የተቀየረ ጊዜ

«ዝገትን ቀለም አትቀቢው፤ ከስር ሆኖ ይስቅብሻል» ይለኝ ነበር አጎቴ አለኸኝ፣ ልጅ ሳለሁ፣ ያኔ እንጅባራ ግቢያችን ውስጥ የአባቴን አሮጌ ላንድሮቨር ባሕር ዛፍ ግንድ ላይ ሰቅሎ ሻንሲዋን ሲቀይር።

እዚያ ያደረሳት የአባቴ ወዳጅ፣ በያጁ ጋሽ ደምሌ ነው። የበሰበሰውን ሻንሲ አውጥቶ በአዲስ ሊተካ ተስማምቶ ሳለ፣ ዝገቱ ላይ ስስ ላሜራ ለጠፈ፣ ቀዳዳውን በስቱኮ ደፈነ፣ የተቃጠለ ዘይት ቀባና «ይኸው፣ እንደ ሙሽራ» ብሎ አስረከበን። በሳምንቱ አባቴ ወደ አዘና ሲነዳት ከወገቧ ተሰበረች። የአባቴ እግር ከዚያ ወዲያ አልቆመም፤ እኔም ትምህርቴን ትቼ ድንች ልሸጥ ገበያ ወጣሁ። ደምሌ ግን ሽማግሌ ፊት «አዲስ ብረት ነው የገጠምሁ፤ የሰበራት ነጂው ነው» ብሎ ማለ። ጋሽ ማለቱን ያን ቀን ተውሁት።

አጎቴ ቀን የሰው ሥራ ሲሠራ ውሎ ሲመሽ ይመጣል። የዲከረንስ ዛፍ ከሰሉ ፍም ብረት ሊያግልበት ይቀላል፣ ጭሱ ዓይናችንን ይቆጠቁጠናል፣ እኔ ፋኖስ እይዝለታለሁ። ተረቱ የሚመጣው የዛገው ብሎን ነጭ ጋዝ እስኪጠጣ ስንጠብቅ ነው። ብሎን በጉልበት ከታገሉት ይቆረጣልና።

አንድ ምሽት ጅብ የቀበሮን ግልገሎች በላ አለን። ቀበሮ አልጮኸችም። ጅቡ አርጅቶ ጥርሱ ሲረግፍ ደጇ መጥቶ «እመት ቀበሮ፣ የሚቀመስ አይጠፋሽም» አላት። «ግባ ጌታዬ» አለችና ያልተሰበረ ቅልጥም አቀረበችለት።

«ከዚያስ?» አለ ወንድሜ።

«ከዚያማ ቁጭ ብላ አየችው!» አጎቴ እየሳቀ መፍቻውን አነሳ። እኔ አልሳቅሁም።

አሮጌው ሻንሲ ሲወጣ ብቆነጥረው እንደ ደረቀ ቂጣ ተፈረፈረ። አዲሱ ገብቶ መኪናዋ ስትነሳ አባቴ ድምጿን አልጋው ላይ ሆኖ ሰማ። «ደምሌን ለእግዜር ስጭው ልጄ» አለኝ። አልሰጠሁትም።

አባቴ ካለፈ በኋላ፣ ዘንድሮ፣ የደምሌ ንስሐ አባት «ሳትታረቅ አትቆርብም» ቢሉት፣ እንደ አገሩ ወግ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ከሽማግሌዎች ጋር፣ ሕፃን ልጄን ታቅፌ ሳለሁ፣ ደጄ መጥቶ አጎነበሰ። የተበደለው ሰው «ያውርዱት» እስኪል ድንጋዩ አይወርድም።

«በድያችኋለሁ ልጄ። ብረቱ ያው አሮጌው ነበር» አለ ወደ መሬት።

«በይ እንጂ እመቤት፣ ድንጋዩ ከበደው» አሉኝ አንዱ ሽማግሌ።

ከተረት ምሽት ሰው ደግነት ይማራል ይባላል፤ እኔ የተማርሁት መጠበቅ ነው። ይቅር እንደምል አውቄ ነበር። ችኮላው ግን የእኔ አልነበረም።

«እሺ አባቶቼ፣ እላለሁ» አልሁ። «ሕፃኗ ትጥገብልኝ ብቻ።»

የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጥሁና ልጄን አጠባኋት፤ አንዱን ጡት ስትጨርስ ቀስ ብዬ ወደ ሌላው አዞርኋት።