ድልድዩን ያየ ሰው

«"መንገዱ ክፍት ነው" ብለህ ጻፍ እንጂ! ሦስት ቃል እኮ ነው የጠየቅኩህ።»

«አላየሁትማ፣ ጋሼ።»

ጋሼ፣ ጁባ ሙኑኪ ሰፈር ውስጥ የማስተናግድበት ምግብ ቤት ባለቤት ናቸው። ጤፋቸውን የጫነው ሾፌር፣ የአገራችን ልጅ፣ ከናይል ድልድይ ማዶ ሸሪካት የሚባል ሰፈር ቆሞ የእኔን መልእክት ይጠብቃል። ከተማዋን ያመሳት የታኅሣሡ ተኩስ ካለፈ ገና ጥቂት ሳምንታት ነበሩ። ጁባ ላለን ሐበሾች የስልኩን ግሩፕ የከፈትኩት እኔ ነኝ። የሚከራይ ክፍልም ሆነ የመኖሪያ ፈቃድ ለማደስ የሚያስፈልገውን ወረቀት የምንጠያየቀው እዚያ ነበር። መጀመሪያ ላይ የሰማሁትን ሁሉ እጽፍ ነበር። «ሰፈሩ ሰላም ነው አሉ» ያልኩትን አምኖ የወጣ አንድ ልጅ ተደብድቦ ከተመለሰ በኋላ ግን በዓይን ያልታየ መንገድ ክፍት ነው ብዬ ጽፌ አላውቅም።

«ግጥም ስትጽፍስ ሁሉን አይተህ ነው?» አሉኝ።

«የእኔን ግጥም አንብቦ መኪና የሚያስነሳ የለም።»

ወጥ ቤት ያሉት ሴቶች ሳቁ። ጋሼ ግን አልሳቁም። «ነገ የሚጋገር ዱቄት የለም። ደንበኛው ግጥምህን ይብላ?»

«እንግዲያው በቦዳ ቦዳ ሞተር ድልድዩ ድረስ ሄጄ ልይ።»

«ምሳ ሰዓት ደርሶ? ማን ያስተናግድልኛል?»

«እሺ፣ እርስዎ ይሂዱ። አይተው ሲደውሉልኝ ወዲያው እጽፋለሁ።»

ሾፌሩን ሊያስገቡበት የቸኮሉበትን መንገድ አሁን ራሳቸው ሊሄዱበት ነው። ቀና ብለው አዩኝና ባርኔጣቸውን ከጠረጴዛው ላይ አነሡ።

«ስልክህን እንዳትዘጋ» ብለውኝ ወጡ፤ የቆርቆሮው በር ከኋላቸው ተዘጋ።