ኦቦ ኢታና የነቀሉት ሣር

የሮቤ ዋና መንገድ ሲሰፋ መሀሉ ላይ አካፋይ ሠሩበት፤ ከፍ ያለ፣ አፈር የተሞላ። ሰው ሁሉ መንገዱን አጠበበብን ብሎ አጉረመረመ። እኔ ግን ጉልበቴ ከከዳኝ ወዲህ በአንድ ትንፋሽ መሻገር ስለማልችል፣ ግማሹን ሄጄ እዚያ ላይ ቆሜ አርፋለሁ። ባጃጁም ጋሪውም በግራ በቀኝ ያልፈኛል።

ኦቦ ኢታናን ያወቅኳቸው እዚያው ነው። ዕድሜያቸውን ሲናና ገጠር ውስጥ ስንዴ ሲያርሱ ኖረው፣ ባለቤታቸው ሲሞቱባቸው ከተማ ገቡ፤ አካፋዩን ውሃ እንዲያጠጡ ተቀጠሩ። ሲያዩኝ ጉልበቴ እንዴት እንዳደረ ይጠይቁኛል፤ ባጃጁን በእጃቸው አስቁመው ያሻግሩኛል። ሳላገኛቸው የዋልኩ ቀን አንድ ነገር ይጎድለኛል።

ታዲያ እሳቸው ለቅሶ ሊደርሱ ጎሮ ወደሚባለው አገር በሄዱበት ቀን፣ ለጌጥ ተብሎ ቀጭን ሣር ተተከለ። በማግስቱ ብመጣ ከዳር እስከ ዳር ነቅለው ከምረውታል። ሲናር የሚባለው አረም መስሏቸው። ስንዴ ውስጥ የበቀለ ሲናር አይቶ ዝም የሚል ገበሬ የት አለ?

አለቃቸው መጣ። አልተቆጣም፤ አለመቆጣቱ ነው የከፋው። ሣሩ እስከ ነገ ጠዋት ቦታው ካልተመለሰ ሌላ ሰው እንደሚቀጥር ነግሯቸው ሄደ። ለአንድ ሰው የሦስት ቀን ሥራ ነው። ደቦ ይጥሩ አልኳቸው። አንገታቸውን ደፉ።

"ደቦ የሚጠራው ባለመሬት ነው፣ አደ የሺሃረግ። ይኼ የኔ መሬት ነው?" አሉኝ።

"እኔ ዓመት ሙሉ ቆሜበታለሁ። እኔ ጠርቻለሁ።"

ደቦ የጠራ ያበላል፤ ሄጄ የስንዴ ንፍሮ ቀቀልኩ። ከመንገዱ ዳር የምትነግደው ዙቤዳ ሱቋን ዘግታ መጣች። ባለጋሪዎቹም ፈረሶቻቸውን አስረው ገቡበት። ጃርሶ የሚሉት ባለጋሪ ክምሩን እያሳየ፣ "ፈረሴ እንኳ አሽትቶ ተወው፣ ኦቦ። ሲናር ቢሆን ይተወው ነበር?" አላቸው። ያን ቀን መጀመሪያ የሳቁት ያኔ ነው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ተተክሎ አለቀ። አንዲት የሁለት እግር ማሳረፊያ የምታህል ቦታ ብቻ ባዶ ቀረች። ረስተዋታል ብዬ ባሳያቸው ዳር ዳሯን በመዳፋቸው ጠቅጥቀው ተነሡ።

ጠዋት አለቃው መጥቶ ከዳር እስከ ዳር አየና፣ ያቺ ባዶ ቦታ ምን ሆና ነው አላቸው።

"አደ የሺሃረግ የሚቆሙባት ናት" አሉት።

አለቃው ቦታዋን ሳይረግጥ አልፎ ሄደ። ኦቦ ኢታናም ውሃቸውን አንሥተው ማጠጣት ጀመሩ።