የንባብ አዳራሹ መብራት

ዛሬም ቢሆን ሌላ ሰው የወጣበትን መሰላል ስይዝ መዳፌ ብዙ ነገር ይነግረኛል። ከላይ ያለው ሰው እግሩን ሲቀይር፣ ሲንጠራራ፣ ካቻቪቴውን ሲያጠብቅ፣ ሁሉም በብረቱ በኩል ወርዶ እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል። ባለፈው ሳምንት ኮምቦልቻ ላይ አንዲት አዲስ የተቀጠረች ልጅ መብራት ስትሰቅል መሰላሉን ያዝኩላት። «ቀጥ ብሏል?» ብላ ከላይ ስትጠይቀኝ መሰላሉን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ። ልጅቱ ያልሰማኋት መስሏት ደጋግማ ጮኸች። መስማቱንስ ሰምቻለሁ። የሰማሁት ግን የሌላ ሰው ድምፅ ነበር፤ የሐይቅ ከተማን ቤተ መጻሕፍት ስንሠራ አብራኝ የነበረችውን የጓደኛዬን።

ከእሷ ጋር ደሴ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ነው የኤሌክትሪክ ሙያ የተማርነው። ኪራይ ቤታችን አንድ፣ ፍራሻችን አንድ፣ ፒንሳችንም አንድ ነበር። እናቷ ከሐይቅ አጠገብ ካለው ገጠር፣ ከአርዲቦ በኩል የበቆሎ እሸት ስትልክላት ግማሹ የእኔ ነው። በውጤት እበልጣት ነበር። ይህን ሳልናገር ማለፍ አልቻልኩም፤ ቅናት ስንት ዓመት እንደሚኖር እዩልኝ እንግዲህ። እንደተመረቅን ሐይቅ ላይ አዲስ ቤተ መጻሕፍት እየተሠራ ነው ተባለና አንድ ፎርማን ሁለታችንንም ቀጠረን።

ፎርማኑ ሸምገል ያለ፣ ቁጣውም ዱዓውም የማያልቅበት ሰው ነበር። ሥራውን ሲያካፍለን የንባብ አዳራሹን መብራት በሙሉ ለእሷ ሰጣት። ለእኔ የደረሰኝ ሶኬቱ፣ መጋዘኑና መጸዳጃ ቤቱ ነው። «የሷ እጅ ይረጋል። አንች ትቸኩያለሽ ልጄ» አለኝ፣ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ።

«አብሽሩ ጋሼ፣ መጸዳጃ ቤትም መብራት ይሻል» ብዬ አሳቅኳቸው። ሳቁ ሳያልቅ የሽቦ ጥቅሌን አንስቼ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲያ የምታደርገው ሁሉ ያናድደኝ ጀመር። ግድግዳ ውስጥ ከተቀበሩት ቱቦዎች የትኛው የት እንደሚወጣ ሲጠፋን፣ አንዳችን በቱቦው አፍ እንጣራለን፤ ሌላችን በወዲያኛው ክፍል ጆሯችንን እየለጠፍን ድምፁን እንፈልጋለን። እሷ መጣራት ትታ በአምባሰል ቅኝት ታንጎራጉርበት ነበር። ያ ድምፅ ከሲሚንቶው ውስጥ ቀጥኖ ሲወጣ ግንበኞቹ የልስን ማንኪያቸውን አስቀምጠው ግድግዳው ሥር ይሰበሰባሉ። የእኔ ተራ ሲደርስ «ኧረ ማነሽ፣ ቀስ በይ፣ ግድግዳውን አፈረስሽው!» ይሉኛል። ምሳ ሰዓት የሐይቁን ጥብስ አሳ ስንበላ እሾኹን እየለቀመች ሥጋውን ወደ እኔ ትገፋልኝ ነበር። እሱም ያናድደኝ ነበር።

አንድ ቀን ፎርማኑ ይህ ሥራ ሲያልቅ ኮምቦልቻ ላይ ትልቅ ሕንፃ እንደሚጀምር፣ ከሁለታችን አንዳችንን የቡድን መሪ አድርጎ እንደሚወስድ ነገረን። ማንን እንደሆነ አልተናገረም። ዓይኑ ግን ከእሷ ላይ አልተነሳም።

በዚያው ሰሞን እሷ ለአጎቷ ለቅሶ ገጠር ሄዳ ሳለ፣ ቤተ መጻሕፍቱን በኃላፊነት የሚረከቡት ጡረተኛ መምህር መጡ። በአዳራሹ እየተዘዋወሩ በሐይቁ በኩል ያሉትን መስኮቶች ቆጠሩና ጠሩኝ። የመጽሐፍ መደርደሪያዎቹ በንድፉ ላይ እንዳለው በአዳራሹ ርዝመት አይቆሙም፤ የመስኮቱ ብርሃን በመሃላቸው እንዲገባ አግድም ይዞራሉ አሉኝ። «መብራቱም አብሮ መዞር አለበት። ጓደኛሽ ኮርኒሱን ሳትበሳ ንገሪያት፣ አደራ» አሉኝ።

«እሺ ጋሼ» አልኩ።

አልነገርኳትም።

መጀመሪያ ቀን ከለቅሶ ስለመጣች ዓይኗ አብጦ ነበር፤ ነገ እነግራታለሁ አልኩ። በማግስቱ ኮርኒሱ ላይ በክር መስመር ስታሰምር አየሁና ከሰዓት እነግራታለሁ አልኩ። ከሰዓት መሰላሉን ያዥልኝ አለችኝ። ያዝኩላት። መብራቶቹን በአዳራሹ ርዝመት አንድ በአንድ ስትሰቅል ስንት ቀን እንደቆምኩ አላስታውስም። ከላይ የኮርኒስ ብናኝ ፀጉሬ ላይ ይወርዳል፤ መሰላሉ በእጄ ይንቀጠቀጣል።

«ቀጥ ብሏል?» ትለኛለች።

«ቀጥ ብሏል» እላታለሁ። እውነቴን ነበር፤ አንድም መብራት ዝንፍ አላለም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይኸው ነው።

መደርደሪያዎቹ የመጡት በነሐሴ፣ ጉሙ የሐይቁን ውሃ በሸፈነበት ከሰዓት በኋላ ነው። አናጢዎቹ እንደታዘዙት አግድም አቆሟቸው። ፎርማኑ «ቢስሚላህ» ብሎ ማብሪያውን ተጫነ። ከመብራቱ ግማሹ በመደርደሪያዎቹ አናት ላይ ቀረ፤ በመሃላቸው ያለው መተላለፊያ ጨለመ። መምህሩ ለሙከራ ከደረደሯቸው መጻሕፍት አንዱን መዘው ርዕሱን ለማየት እስከ መስኮቱ ድረስ ተራመዱ።

«ሰዉ ባትሪ ይዞ ይምጣ እንዴ?» ብሎ ጮኸ ፎርማኑ። «እንዲህ ያለ ስህተት ካንች!»

መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ወደ እኔ ዞሩ። «እኔኮ ለዚች ልጅ ነግሬያት ነበር...»

ጓደኛዬ አየችኝ። አተያየቷን እስከ ዛሬ የምገልጽበት ቃል አላገኘሁም። ቁጣ ቢሆን እችለው ነበር። ያን ያህል ቀን መሰላሉ ሥር የቆምኩት ሁሉ አንድ በአንድ በፊቷ ሲያልፍ አየሁት። ከዚያ ወደ መምህሩ ዞረች።

«ነግራኛለች ጋሼ። ለቅሶ ላይ ነበርኩና ረሳሁት። ጥፋቱ የኔ ነው፣ እኔው አስተካክለዋለሁ» አለች።

ያኔ አፌን ከፍቼ «ዋሽታለች» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ፎርማኑ እውነቱን ቢያውቅ ያን ቀን እንደሚያባርረኝ እሷም እኔም እናውቅ ነበር። እዚያው ቆሜ፣ እግዜር ይይልሽ የሚያሰኝ ሥራ ሠርቼ፣ በደግነቷም ጭምር ቀናሁ። አላህ ይማረኝ።

መብራቱን በሙሉ አውርዳ እንደገና ስትሰቅል መሰላሉን ልይዝላት ቀረብኩ። «ተይው፣ አናጢው ይይዝልኛል» አለችኝ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። ፎርማኑ ኮምቦልቻ እኔን እንደሚወስድ የነገረኝ በዚያ ሳምንት ነው። ማታ ቤት ገብቼ ዕቃዬን ስሸክፍ ከፍራሹ ጫፍ ተቀምጣ ታየኝ ነበር።

«እኔ መቼ ኮምቦልቻ እሄድ ነበር?» አለችኝ። «እናቴን ለማን ትቼ? ለፎርማኑም ገና ድሮ ነግሬው ነበር፤ አስቢበት እያለ ነው እንጅ። ብትጠይቂኝ እነግርሽ አልነበር?»

በነጋታው አስፋልቱ ድረስ ሸኘችኝ፤ የመሣሪያ ቦርሳዬን ተሸክማ። ሚኒባሱ ሲመጣ «አውፍ በይኝ» አልኳት። ምኑን ይቅር እንደምትለኝ አልተናገርኩም። «አውፍ ብያለሁ» አለች ወዲያው፣ ሰው ሁሉ ረመዳን ሲገባ እንደሚባባለው። ረዳቱ በሩን ዘጋው።

ከዓመታት በኋላ ለሥራ ወደ ወልዲያ ሳልፍ ሐይቅ ወረድኩ። ቤተ መጻሕፍቱ በተማሪ ሞልቷል። መብራቱ በየመደርደሪያው መሃል ወርዶ እያንዳንዱን መጽሐፍ ያሳያል፤ ከእሷ ሌላ ማን እንዲህ ይሠራዋል ብዬ ቆሜ ሳይ፣ ራሷ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ አየኋት። ከተማዋ ውስጥ የቤት መብራት እንደምትዘረጋ ሰምቼ ነበር። ስድስት ሰባት ዓመት የሚሆናት ልጅ ትከሻዋ ላይ ተደግፋ፣ ሁለቱም አንድ መጽሐፍ ላይ አቀርቅረዋል።

እኔ ልጠመጠምባት ነበር። እሷ ተነስታ እጇን ዘረጋችልኝ፤ በፈገግታ፣ ደህና ነሽ ወይ፣ ሥራ እንዴት ነው ብላ ሁሉንም በወጉ ጠየቀችኝ። ልጅቷ ቀሚሷን ጎተት አድርጋ «ማናት?» አለቻት።

«ድሮ አብረን የሠራን ሰው ናት» አለች።

ከዚያ ተቀመጠች። ልጅቷም ወደ ቦታዋ፣ ወደዚያች ትከሻ ተመለሰችና ጣቷን ካቆሙበት መስመር ላይ አኖረች። እኔም ቦርሳዬን እንደያዝኩ በዚያች ልጅ ቀናሁ።